ሥራ በድንገት ሲቋረጥ፦ ከደብዳቤው ቀን ጀምሮ ምን ይደረግ?

ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ቃና ዘገሊላ ነበር። እኛ ታቦት ስንሸኝ፣ ዋሽንግተን ላይ ዶናልድ ትራምፕ የአሜሪካን የውጭ እርዳታ ለ90 ቀን የሚያግድ ትእዛዝ ፈረሙ። በቀናት ውስጥ «ሥራ አቁሙ» የሚል ኢሜይል እዚህ ቢሮዎች ድረስ ደረሰ። ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ የቀጠራቸውን 5,000 ያህል ሠራተኞች ውል አቋረጠ። ሰኔ 24 ደግሞ እርዳታውን ያከፋፍል የነበረው የአሜሪካ መንግሥት ድርጅት ዩኤስኤይድ ራሱ ተዘጋ። ከዚያ በፊትም ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ኢትዮጵያ ምርቷን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከምታስገባበት ከአጎዋ ስትታገድ፣ በኢንዱስትሪ ፓርኮች ልብስ ይሰፉ የነበሩ ብዙ ልጆች ሥራቸውን አጥተዋል።

እነዚህ ሠራተኞች ምንም አላጠፉም። ሾፌሩ መኪናውን አልገጨም። ሪፖርቱ በሰዓቱ ገብቷል። ነርሷ ከወረዳ ወረዳ ዞራለች። ሰው ጥፋቱን ካወቀ ያርማል፣ ይቅርታም ይጠይቃል። ጥፋት ከሌለስ? «ምን ባደርግ ኖሮ?» እያሉ ሌሊት መገላበጥ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

ሰው ሲሞትብን ምን እንደምናደርግ እናውቃለን። ድንኳን ይተከላል። እድር ወንበርና ድስት ይዞ ይመጣል። ሰልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ሥራ ሲጠፋ ግን ድንኳን የለም። ባለጉዳዩ ሸሚዙን ተኩሶ ከቤት ይወጣና ማንም የማያውቀው ሰፈር ካፌ ይቀመጣል። ወሬውን የሰማ ሰውም «ለበጎ ነው» ብሎት ያልፋል። ይህን አባባል አልወደውም። ሐሰት ነው አልልም፤ ግን በሁለተኛው ቀን ነው የሚመጣው። በሁለተኛው ቀን የሚያስፈልገው የስንብት ክፍያ ስሌት ነው።

ስለዚህ ከወረቀት እንጀምራለን። ማጽናናቱ በኋላ ይደርሳል። ቅደም ተከተሉን ሆን ብዬ ነው እንዲህ ያደረግኩት። ቀነ ገደብ ያለው ነገር ይቅደም፣ የሌለው ይከተል። ሐዘን ቀነ ገደብ የለውም፤ የትም አይሄድም፣ ይጠብቃችኋል።

አንደኛ፦ በዚያው ቀን

ኤች አር (የሰው ኃይል ክፍሉ) ሲጠራችሁ ሁለት ዓይነት ወረቀት ሊቀርብላችሁ ይችላል። አንዱ ድርጅቱ ውሉን ማቋረጡን የሚገልጽ ደብዳቤ ነው። ይህን መቀበል ችግር የለውም። «ደርሶኛል» ብላችሁ ቀኑን ጽፋችሁ ፈርሙ፤ ቅጂውን ያዙ። ፊርማችሁ መቀበላችሁን እንጂ መስማማታችሁን እንዳያሳይ ተጠንቀቁ።

ሁለተኛው አደገኛው ነው። «በራስህ ፈቃድ ብትለቅ ለስምህ ይሻላል» ይባላል። ወይም «ከዚህ በኋላ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ቅጽ ከቼኩ ጋር አብሮ ይመጣል። እዚያው አትፈርሙ። በራሱ ፈቃድ የለቀቀ ሰውና በቅነሳ የወጣ ሰው በሕግ ፊት እኩል አይደሉም። በተለይ ከ5 ዓመት በታች ያገለገለ ሰው በገዛ ፈቃዱ ከለቀቀ የስንብት ክፍያውን ሊያጣ ይችላል። «አንብቤ ነገ ልምጣ» ማለት ነውር አይደለም። የሚያስቸኩላችሁ ሰው ካለ፣ የመቸኮሉ ምክንያት የእናንተ ጥቅም እንዳልሆነ ጠርጥሩ።

ከዚያ ወደ ጠረጴዛችሁ ተመለሱና የራሳችሁን ነገር ሰብስቡ። ሁሉም የቅጥር ውሎች፣ የደመወዝ እድገት ደብዳቤዎች፣ የደመወዝ ስሊፕ፣ የሥራ አፈጻጸም ውጤት፣ የሥልጠና ሰርተፍኬት። የድርጅቱን ፋይል ግን አትንኩ። በንዴት በፍላሽ የተገለበጠ ዳታ ኋላ እናንተን ተከሳሽ ያደርጋል።

አንድ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፦ የቢሮ ሲም ካርድ። ቴሌብራችሁ፣ የባንክ አፕሊኬሽናችሁ፣ የቴሌግራም አካውንታችሁ በቢሮ ቁጥር ከሆነ፣ ሲሙን ከማስረከባችሁ በፊት ወደ ግል ቁጥራችሁ አዛውሩ። የቢሮ ኢሜይልም እንዲሁ ነው። ኢሜይሉ በዚያው ምሽት ሊዘጋ ይችላል። ከዚያ በኋላ የይለፍ ቃል ልቀይር ብትሉ ኮዱ የሚሄደው እናንተ ወደማትከፍቱት ሳጥን ነው።

በቢሮው የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አትጻፉ። የሚያስቆጣ ነገር ቢኖርም፣ ተጽፎ የሚቀር ነገር ለነገ ይቆይ።

ሁለተኛ፦ ስንት ይገባችኋል?

እዚህ ላይ ቆም እንላለን፤ ሰው የሚጎዳው ባለማወቅ ነውና። የሚመለከታችሁ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የግል ድርጅትና የአብዛኛው ኤንጂኦ ሠራተኛ በዚህ ይዳኛል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ግን ሌላ አዋጅ ስላለው የሚከተለውን ቁጥር አይጠቀም።

አዋጁ ቅነሳ የሚለው ቢያንስ 10 በመቶ ሠራተኛ ሲወጣ ነው። ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለው ድርጅት ደግሞ ቢያንስ 5 ሰው ሲወጣ። የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ በቅነሳ የሚወጣ ሠራተኛ የ2 ወር ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። ያንን ጊዜ ወይ ትሠሩበታላችሁ ወይ ይከፈላችኋል። «ከነገ ጀምሮ አትምጡ» ከተባለ ክፍያውን ጠይቁ።

ማን ይቅር፣ ማን ይውጣ የሚለውም እንዲሁ በአለቃ ፍላጎት አይወሰንም። ችሎታና ምርታማነት ያለው ቅድሚያ ይቆያል። በዚህ እኩል ከሆኑ አገልግሎት፣ የቤተሰብ ኃላፊነት፣ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት፣ እርግዝና ይታያሉ። አሠሪው ይህን የሚያደርገው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኛ ተወካዮች ጋር ተመካክሮ ነው።

አሁን ሒሳቡ። በምሳሌ እንየው። ወር ደመወዙ 18,000 ብር የሆነ፣ 6 ዓመት ያገለገለ ሰው በቅነሳ ወጣ እንበል። ለስሌት እንዲቀለን በ30 እናካፍለው፤ በቀን 600 ብር ይሆናል።

ለመጀመሪያው ዓመት የቀን ደመወዙ 30 ጊዜ ይባዛል፦ 18,000 ብር።
ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህ ሲሶ ይጨመራል። ሲሶው 6,000 ነው። በ5 ዓመት 30,000 ብር።
በቅነሳ ስለወጣ ደግሞ ተጨማሪ የ60 ቀን ደመወዝ አለ፦ 36,000 ብር።

ድምሩ 84,000 ብር ነው። ከዚህ ላይ ግብር ይነሳል። የማስጠንቀቂያው ጊዜና ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ ክፍያ ግን ከዚህ ውጭ ናቸው። ረጅም ዓመት ላገለገለ ሰው ጣሪያ አለ፤ የስንብት ክፍያው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም።

ይህን ሒሳብ ኤች አር ከመጥራቱ በፊት ራሳችሁ በወረቀት ሥሩት። የእናንተና የእነሱ ቁጥር ከተለያየ «እንዴት አሰላችሁት?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ከመጀመሪያው የቅጥር ቀን ይመጣል። ኮንትራት በየዓመቱ እየታደሰ ሲሠራ የኖረ ሰው፣ ያለፉት ዓመታት እንዳይቆጠሩ ይደረጋል። ሁሉንም ውሎች ያዙ ያልኩት ለዚህ ነው።

ክፍያው ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት። አሠሪው ያለ በቂ ምክንያት ካዘገየ፣ ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደመወዝ ድረስ ተጨማሪ ሊያስከፍለው ይችላል።

ቀነ ገደቡን በካላንደር ላይ አስምሩበት። ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ ለመክሰስ 3 ወር ነው ያለው። ከስንብቱ ጋር የተያያዘ ክፍያ ለመጠየቅ 6 ወር። «ዛሬ ነገ ይከፍሉኛል» ብሎ ሲመላለስ ይርጋ (የመክሰሻው ጊዜ ማለፍ) ያገደው ሰው ብዙ ነው። ወደ ክስ ከመሄዳችሁ በፊት የሥራና ክህሎት ቢሮን ማነጋገር ትችላላችሁ፤ ያስማማሉ። ካልሆነ የፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት አለ። ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም።

ውላችሁ ለፕሮጀክት ወይም ለተወሰነ ጊዜ ከሆነ ነገሩ ጠበቅ ይላል። ጊዜው ደርሶ ማለቁና ጊዜው ሳይደርስ መቋረጡ የተለያዩ ናቸው። ውሉን ይዛችሁ ጠበቃ አነጋግሩ። የአንድ ሰዓት ምክር ክፍያ ከሚጠፋው ገንዘብ ያንሳል።

ሁለት ነገር ሳትይዙ ከቢሮው አትውጡ። አንደኛው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው። የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን ይግለጽ። የመሰናበቻው ምክንያት «የፕሮጀክት መዘጋት» ወይም «ቅነሳ» ተብሎ ቢጻፍ ለኋላ ይጠቅማል። ሁለተኛው የጡረታ መዋጮአችሁ ነው። ከደመወዛችሁ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። ገቢ መደረጉን አረጋግጡ። ፕሮቪደንት ፈንድ የነበራችሁ ከሆነ መቼና እንዴት እንደሚለቀቅ በጽሑፍ ጠይቁ። የክሊራንስ ፊርማ ለመሰብሰብ ሲዞር የሚውል ሰው ጠዋት ቢጀምር ይሻለዋል፤ የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ከምሳ በኋላ አይገኙም።

ሦስተኛ፦ ቤት መንገር

ለባል ወይም ለሚስት በዚያው ምሽት ንገሩ። በማግስቱ ካለፈ ምላስ ይከብዳል። በተለይ ወንዶች ይህን እናውቃለን። «ሌላ ሥራ ሳገኝ እነግራታለሁ» ይባላል። ጠዋት መውጣት፣ ማታ ደክሞ መምሰል። ከሥራ ማጣቱ ይልቅ ይህ ትዳር ይጎዳል። ሚስት ኋላ የምትቀየመው በደመወዙ መቋረጥ አይደለም፤ ባሏ ቁርስ እየበላ ሲዋሻት በመክረሙ ነው።

ንግግሩን አታርዝሙ። «ዛሬ ደብዳቤ ሰጡኝ። ፕሮጀክቱ ተዘግቷል። የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ አለ፣ የስንብት ክፍያም ይኖራል። ቅዳሜ አብረን ቁጭ ብለን ሒሳብ እንሥራ። ዛሬ ግን ስለሱ ባናወራ ደስ ይለኛል።» ይኼው ነው። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ወድጃታለሁ። በዚያ ምሽት የተጀመረ የገንዘብ ወሬ መጨረሻው ጭቅጭቅ ነው።

ልጆች ደግሞ ሳይነገራቸውም ያውቃሉ። ከ8 እና ከ9 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ የቤቱ ድምፅ መለወጡን ይሰማል፤ ጥፋቱ የእሱ ይመስለዋል። «አባባ ሥራ እየቀየረ ነው፤ ለተወሰነ ጊዜ አንዳንድ ነገር እንቀንሳለን» ማለት ይበቃዋል።

ወላጆች ላይ ግን ፍርዱን ለእናንተ እተዋለሁ። እናት ክፍለ ሀገር ሆና ደም ግፊት ካለባት፣ አንድ ወር ብትዘገይ አትጎዳም። በየወሩ የምትልኩላት ገንዘብ የሚቀንስ ከሆነ ግን ከመቀነሱ በፊት ንገሯት። ገንዘቡ ሳይነገራት ከቀረ ልጇ የታመመ ይመስላታል።

አራተኛ፦ ገንዘቡን ወደ ደመወዝ መመለስ

የስንብት ገንዘብ አንድ ላይ ሲገባ ትልቅ ይመስላል። ሰው በአንድ ጊዜ ያን ያህል ብር አካውንቱ ላይ አይቶ አያውቅምና። ወዲያው ሐሳብ ይመጣል፦ ካፌ ልክፈት፣ ባጃጅ ልግዛ፣ ከዘመድ ጋር ዱቄት ላከፋፍል። ዘመዱም አይጠፋም።

የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ምንም ንግድ አትጀምሩ። ይህ የእኔ አቋም ነው፤ የማይስማሙ አሉ። ንግድ ክፉ ስለሆነ አይደለም። የተደናገጠ ሰው ኪራይ ሲዋዋል አይከራከርም፣ ሸሪክ ሲመርጥ አያጣራም።

ይልቅ ገንዘቡን በሌላ አካውንት አስቀምጡና ለራሳችሁ በየወሩ ደመወዝ ክፈሉ። እጃችሁ የገባው 78,000 ብር ነው፣ ቤቱ ተቀናንሶ በ13,000 ያድራል እንበል። ስለዚህ 6 ወር አላችሁ። «ገንዘብ አለኝ» ከማለት «6 ወር አለኝ» ማለት ለውሳኔ ይቀላል። በየወሩ 30 ላይ ራሳችሁ ላይ ፈርማችሁ አውጡ። ከዚያ ውጭ አትንኩት።

ቅዳሜ ከባለቤታችሁ ጋር ስትቀመጡ ወጪውን በዚህ መልክ እዩት።

የቤት ኪራይ ከሁሉ ይቀድማል። አከራዩን ቀድማችሁ አነጋግሩ። «እስከዚህ ወር እከፍላለሁ፤ ቢያስቸግረኝ አንድ ወር ቀድሜ እነግርዎታለሁ» ያለ ተከራይ ይከበራል። ዝም ብሎ ከጠፋ ግን ሰው ይጠረጥራል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ 1320/2016 የሚመለከተው ውል ካላችሁ፣ ውሉ ከ2 ዓመት ማነስ እንደማይችል አስታውሱ። ሥራ ማጣታችሁን የሰማ አከራይ በዚያ ምክንያት ብቻ «ውጡ» ሊላችሁ አይችልም።

የባንክ ዕዳ ያለበት፣ የኮንዶሚኒየምም ይሁን ሌላ፣ ክፍያው ከማለፉ በፊት ቅርንጫፉ ይሂድና የክፍያ ጊዜ ማራዘሚያ ይጠይቅ። ክፍያው ካለፈ በኋላ የሚመጣ ሰውና ቀድሞ የሚመጣ ሰው አንድ ዓይነት ፊት አያዩም። ከሠራተኞች ቁጠባና ብድር ማኅበር ተበድራችሁ ከሆነ ዕዳው ከስንብት ክፍያችሁ ሊቀነስ ይችላል። የስንት ወር ቀሪ እንዳለ ዛሬውኑ ጠይቁ። የሥራ ባልደረባችሁ ዋስ ሆኖላችሁ ከሆነ እሱንም አነጋግሩት፤ የእናንተ መጥፋት የሱን ደመወዝ ነው የሚያስቆርጠው።

እቁብ ያወጣችሁ ከሆነ ዕዳ ነው፤ መጨረስ አለባችሁ። ገና ካልደረሳችሁ ለዳኛውና ለጸሐፊው ነገሩን አስረዷቸው። ዕጣ በልመና ቀድሞ መስጠት በብዙ እቁብ ውስጥ አለ። እቁብ ለችግር ጊዜም እንደሚሆን የሚያስታውሱ ዳኛ ከገጠሟችሁ በአንድ ጊዜ ትልቅ እፎይታ ነው።

እድርን አትቁረጡ። ብዙ ሰው ሲያጣ መጀመሪያ የሚተወው እድርን ነው፤ ስብሰባ ላይ «ሥራ እንዴት ነው?» ላለመባል። መዋጮው በወር ትንሽ ብር ነው። መቅረታችሁ የሚያሳጣችሁ ግን ሰው ነው። ሰው የሚያስፈልጋችሁ ደግሞ አሁን ነው።

የልጆች ትምህርት ቤት፣ መሃል ዓመት ላይ ከሆናችሁ ዓመቱን ማስጨረስ ይሻላል። ክፍያን በወር ከፋፍለው የሚቀበሉ አሉ፤ ሬጅስትራሩን ጠይቁ። ለቀጣዩ ዓመት መቀየር ካለባችሁ ክረምት ላይ ወስኑ።

የኢንተርኔት ፓኬጅን አትቀንሱ። ቅንጦት ይመስላል፤ ግን ማስታወቂያውም፣ ማመልከቻውም በሱ ነው።

አምስተኛ፦ ሐዘኑ

ወረቀቱ አለቀ። ሒሳቡ ተሠራ። አሁን ነው ሰው የሚወድቀው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስልክ ይበዛል፣ ሩጫ አለ። ሦስተኛ ሳምንት ላይ ስልኩ ዝም ይላል። ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሰርቪሱ በሰፈር ሲያልፍ እናንተ ፒጃማ ለብሳችሁ መስኮት ላይ ናችሁ።

የጠፋው ደመወዝ ብቻ አይደለም። «የት ነው የምትሠራው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ጠፍቷል። የሻይ ሰዓት ጓደኞች ጠፍተዋል። ፊልድ ሲወጣ የሚገኝ አበል፣ ከአርባ ምንጭ ሲመለሱ የሚገዛ ሙዝ፣ ሾፌሩ የሚያወራው ወሬ። ይህ ሁሉ ሊታዘንለት ይገባል። ስለዚህ ድንኳኑን ራሳችሁ ትከሉ። አብረው የተቀነሱ አራት አምስት ሰዎች በአንዱ ቤት ቡና ይጠጡ። አጀንዳ አይኑር። ይማረሩ፣ አለቃውን ያብጠልጥሉ፣ ይሳቁ። ከዚያ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ሐሙስ ከሰዓት፣ ይደጋገም። ከዚህ ቡና ላይ ነው ብዙ ጊዜ የሥራ ወሬም የሚሰማው።

ለቅሶ ግን ይነሳል። ድንኳን አርባ ቀን አይቆምም። ቡናው ላይ ወሬው ሁልጊዜ ያ አለቃ ብቻ ከሆነና ወር ሁለት ወር ካለፈ፣ ቦታውን ቀይሩ። በእግር መሄድ ይሁን፤ እየሄዱ ማማረር ያደክማል።

የቀኑን ቅርጽ አትልቀቁ። በነበረው ሰዓት ተነሡ፣ ታጠቡ፣ ልበሱ። ጸሎት ለለመደ ሰው ኪዳን ወይም ሱብሒ ጥሩ መነሻ ነው። ጠዋት ለሥራ ፍለጋ፣ ከሰዓት ለቤት። ባል ቤት ሲውል ወጥ መሥራትና ልጅ ከትምህርት ቤት ማምጣት ይችላል። ቤት ውሎ «ምሳ አልደረሰም?» የሚል ባል ግን ሚስቱን ሁለት ሥራ ያስይዛታል።

መጠጥና ጫትን ተጠንቀቁ። ጊዜ ሲተርፍ ሰው ይጠራችኋል። ግብዣውም በነጻ ይመስላል።

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ እንቅልፍ እምቢ ካለ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ከሰው መደበቅ ካማራችሁ፣ ወይም «ብሞት ይገላግለኝ ነበር» የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ ይህ ስንፍናም የእምነት ጉድለትም አይደለም። ሐኪም ቤት ሂዱ። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ ሌሎች ትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። «አማኑኤል ሄደ» መባልን የሚፈራ ሰው በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ይሂድ። ጸበል የምትሄዱም ብትሆኑ መድኃኒታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የመሞት ሐሳቡ ከበረታ ደግሞ ብቻችሁን አትደሩ፤ አንድ ሰው ቀስቅሱ።

ስድስተኛ፦ ድልድይ ሥራና አዲሱ ሥራ

መጀመሪያ ሥራችሁን ከፕሮጀክቱ ስም ለዩት። ሲቪ ላይ «የፕሮጀክት ኦፊሰር» ብቻ ከተጻፈ፣ ያ ፕሮጀክት ሲዘጋ እናንተም የተዘጋችሁ ትመስላላችሁ። ምን ታውቃላችሁ? መጋዘን ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ። ለሦስት ወረዳ በጀት አከፋፍላችሁ ታውቃላችሁ። በኦሮምኛና በአማርኛ ስብሰባ መርታችሁ ታውቃላችሁ። አስመጪ፣ ፋብሪካ፣ የግል ሆስፒታል የሚፈልገው ይህን ነው፤ የለጋሹን ስም ግድ የለውም።

ደመወዝ ላይ እውነቱን እንናገር። ከኤንጂኦ የወጣ ሰው በግል ድርጅት ያንኑ ደመወዝ የሚያገኘው ከስንት አንዴ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል፤ ኑሮው ያኔ ከነበረው ጋር አይገናኝም። ስለዚህ «ከዚህ በታች አልሠራም» የምትሉትን ቁጥር ከድሮ ደመወዛችሁ ሳይሆን ቅዳሜ ከሠራችሁት የቤት ወጪ ላይ አውጡት። 13,000 ቤቱን የሚያኖር ከሆነ፣ 15,000 የሚከፍል ሥራ ውርደት አይደለም። ድልድይ ሥራ ማለት ይህ ነው፤ እየሠሩ የተሻለ መፈለግ ይቻላል።

ማስታወቂያውን ከሦስት ቦታ ተከታተሉ፤ ከዚያ በላይ መዋል ጊዜ መግደል ነው። ኢትዮጆብስ፣ አንድ ሁለት የታመነ የቴሌግራም ቻናል፣ የረቡዕና የእሑድ ሪፖርተር ጋዜጣ። የቀረውን ጊዜ ለሰው ስጡ። ለምታውቁት ሰው «ሥራ ፈልግልኝ» አትበሉ፤ ይጨነቃል፣ ከዚያም ይሸሻችኋል። «የእናንተ ፋይናንስ ክፍል ሰው ይፈልግ እንደሆን ታውቃለህ? የማናግረውን ሰው ብቻ ጠቁመኝ» በሉት። ይህን ማድረግ ለማንም አይከብድም።

«ለመመዝገቢያ» ወይም «ለፎርም» ብር በቴሌብር ላኩ የሚል ቀጣሪ ካለ ሌባ ነው። ዐረብ አገር በሦስት ሳምንት እንልካለን የሚል የሰፈር ደላላም እንዲሁ።

ቃለ መጠይቅ ላይ «ለምን ለቀቅህ?» ሲባል፦ «ፕሮጀክቱ ተዘጋ፤ ክፍሉ በሙሉ ወጣ። የሥራ ልምድ ደብዳቤዬ ላይ ተጽፏል።» ከዚህ በኋላ ስለ ፖለቲካም፣ ስለ ድሮ አለቃም አትጨምሩ።

ሥራው ሳይጠፋ ከተለወጠስ?

ወደ ሌላ ከተማ ዝውውር፣ አዲስ አለቃ፣ ወረቀቱን የተካ ሲስተም። እዚህ ላይ አጭር ነኝ። ዝውውር ከሆነ ውላችሁ የሥራ ቦታን እንዴት እንደጻፈ እዩ፤ ከዚያ የቤት ኪራይና የመጓጓዣ ነገር በጽሑፍ ጠይቁ። አዲስ አለቃ ከሆነ የመጀመሪያውን ወር «ድሮ እንዲህ ነበር የምንሠራው» ሳትሉ አሳልፉት፤ ጥሩ አሠራራችሁን በሁለተኛው ወር ስትነግሩት ይሰማል። ሲስተም ከሆነ ከወጣቶቹ ጎን ተቀመጡና ጠይቁ። አሥራ አምስት ዓመት የሠራ የሒሳብ ሰው ሶፍትዌሩን ባያውቅም ቁጥሩ ሲሳሳት ያሸተዋል። ልጁ ሶፍትዌሩን ያሳያችሁ፣ እናንተ ስሕተቱን አሳዩት።

ወዳጅ ከሆናችሁ

ይህን የሚያነብ ሁሉ ሥራ ያጣ አይደለም። ጓደኛው ያጣም አለ። በመጀመሪያው ሳምንት ደውሉ፤ በአምስተኛው ሳምንት ግን ሂዱ፤ ያኔ ማንም አይመጣም። ዘይት ወይም ስኳር ይዞ መሄድ ለቅሶ ቤት ብቻ የተፈቀደ አይደለም። ሰርግና ክርስትና ላይ መጥራታችሁን አትተዉ፣ «መዋጮ ያስቸግረዋል» ብላችሁም በራሳችሁ አትወስኑለት። «ሥራ አገኘህ?» የሚለውን ጥያቄ በየሳምንቱ አታንሱ፤ ካገኘ ይነግራችኋል። ማስታወቂያ ካያችሁ ማመልከቻው የሚያበቃበትን ቀን አረጋግጣችሁ ላኩለት፤ ትናንት የተዘጋ ማስታወቂያ አምስት ሰው ነው የሚልክለት።